ፍሬውን እስከ ኅዳር የሚያቆይ

ነጭ ወይን ጠጅ መደበቂያ የለውም። ቀዩ ጭማቂው ከነልጣጩና ከነዘሩ ተዘፍዝፎ ለቀናት ይፈላል፤ ቀለሙንም፣ ምላስ ላይ የሚቀረውን ጥንካሬም ከልጣጩ ያገኛል። ከዚያ ብዙ ጊዜ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ይከርምና የእንጨቱን መዓዛ ይደርባል። በዚህ ሁሉ ልብስ ሥር የፍሬው ድክመት ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ነጩ ግን እንደተለቀመ ይጨመቃል፤ ልጣጩ ይጣላል፤ የሚቀረው ጭማቂው ብቻ ነው። ሪዝሊንግ የሚባለው የጀርመኖች ወይን ደግሞ የአዲስ እንጨት ሽታ ጨርሶ አይስማማውም፤ የሚሠራበትም በርሜል ካለ ዓመታት ያገለገለ፣ ሽታው የወጣለት ነው። ስለዚህ ጠጪው ብርጭቆው ውስጥ የሚያገኘው በመኸር ሰሞን እርሻው ላይ የተወሰነውን ውሳኔ ነው፦ ፍሬው ዛሬ ይለቀም ወይስ ይቆይ? የዚህ ምዕራፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሣል። ከትንሽ የቤተሰብ ይዞታ የሚወጣ ነጭ ወይን ጠጅ ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ የይዞታው ትንሽነት አይደለም፤ የባለቤቱ የዘር ሐረግም አይደለም። ምክንያቱ ይቆይ ብሎ የሚወስነውና በመቆየቱ የሚመጣውን ኪሳራ የሚሸከመው አንድ ሰው መሆኑ ነው።

ለዚህ ከሻርትስሆፍ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ሻርትስሆፍ በምዕራብ ጀርመን፣ ከትሪየር ከተማ በስተደቡብ፣ ቪልቲንገን ከሚባለው መንደር አጠገብ ያለ ይዞታ ነው። ሞዜል ከሚባለው ታላቅ ወንዝ ጋር የሚቀላቀለው የዛር ወንዝ በዚያ በኩል ያልፋል። አካባቢው ለወይን አዲስ አይደለም፤ ሮማውያን ትሪየርን ከዋና ከተሞቻቸው አንዷ ባደረጉበት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወይን የጨመቁበት መጭመቂያ ፒስፖርት በተባለው የሞዜል መንደር ተቆፍሮ ወጥቷል። ከይዞታው ጀርባ ሻርትስሆፍበርግ የሚባለው ተዳፋት ተነሥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል፤ ስፋቱ በጠቅላላ 28 ሄክታር ገደማ ነው። ቦታው የትሪየር መነኮሳት ነበር። የፈረንሳይ አብዮት ጦር የራይንን ግራ ዳርቻ ከያዘ በኋላ የገዳማት ንብረት ለሽያጭ ወጣ፤ በ1797 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዣን ዣክ ኮህ የተባለ ሰው ይዞታውን ከሪፐብሊኩ ገዛው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። ዛሬ የያዘው ኤጎን ሙለር ይባላል፤ አባቱም አያቱም ቅድመ አያቱም ኤጎን ሙለር ነበሩና አራተኛው እየተባለ ይጠራል። ከተዳፋቱ ውስጥ የቤተሰቡ ድርሻ ከ8 ሄክታር ጥቂት ይበልጣል።

አፈሩ አፈር ለማለት የሚያስቸግር ነው። ሺፈር የሚሉት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ የሚሰባበር ግራጫ ድንጋይ ቁልቁለቱን ሸፍኖታል። ድንጋዩ ቀን የፀሐይ ሙቀት ይሰበስባል፤ ሲመሽ ለተክሉ ይመልሳል። ብዙ የሞዜል ተክል በሽቦ አይመራም፤ ለእያንዳንዱ ግንድ አንድ ካስማ ይተከልለታል፤ ሁለት ቅርንጫፎቹ ግራና ቀኝ ተቆልምመው ወደ ታች ይታሰራሉ፤ ከሩቅ ሲያዩት የልብ ቅርጽ ይመስላል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ትራክተር አይወጣም። መግረዙም፣ ማሰሩም፣ አረሙም፣ ለቀማውም በእግርና በእጅ ነው። በሜዳ ላይ በማሽን የሚሠራ አንድ ሄክታር በዓመት ጥቂት መቶ የሥራ ሰዓት ሲበቃው፣ እዚህ ከ1,000 ሰዓት በላይ ይጠይቃል።

የመቆየቱን ጥቅም ለመረዳት የወይን ፍሬ እንዴት እንደሚበስል ማየት ያስፈልጋል። ፍሬ ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። በሞቃት አገር ሁለቱም ይቸኩላሉ፤ ስኳሩ ሲሞላ ኮምጣጣነቱ አልቆ ይገኛል፤ ከዚያ የሚወጣው ነጭ ወይን ጠጅ አልኮሉ ከፍ ያለ፣ አፍ ላይ የሚከብድ ነው። የሻርትስሆፍበርግ ተዳፋት ደግሞ ከወንዙ ዳር ራቅ ብሎ በጎን በገባ ሸለቆ ውስጥ ስላለ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሪዝሊንግም በባሕርዩ ዘግይቶ የሚበስል ዝርያ ነው። ሌሊቱ ሲበርድ ኮምጣጣነቱ ሳይነካ ይቆያል፤ ቀኑ ሲሞቅ ስኳሩ በዝግታ ይገባል፤ መዓዛው የሚመጣው በዚህ ዝግታ ውስጥ ነው። ዝግታው ግን ሳምንታትን ይፈልጋል። በነዚያ ሳምንታት ዝናብ ሊዘንብ፣ ፍሬው ሊበሰብስ፣ ወፍ ሊበላው፣ ውርጭ ሊመታው ይችላል። በመስከረም የለቀመ ሰው መካከለኛ ወይን ጠጅ በእርግጠኝነት ያገኛል። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ወይም እስከ ኅዳር ያቆየ እጅግ ጥሩውን ሊያገኝ ይችላል፤ ባዶ እጁንም ሊቀር ይችላል።

ከለቀማው በኋላ የሚሆነውን ጠጅ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ማርና ውሃ ከጌሾ ጋር ሲጣል መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፤ እርሾው ሲሠራ ጣፋጩ ወደ አልኮል ይለወጣል፤ ጠጅ ቤት ገብቶ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብሎ የሚያዝ ሰው እርሾው የት ላይ እንዲቆም እንደሚፈልግ መናገሩ ነው። በዛር ሸለቆ ምድር ቤቶች ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ፉደር በሚባለው 1,000 ሊትር ገደማ በሚይዝ አሮጌ በርሜል ውስጥ ጭማቂው በቀዝቃዛው ምድር ቤት ቀስ ብሎ ይፈላል። ብርዱ ሲጠና እርሾው ይደክማል፤ ስኳሩ ሁሉ ሳያልቅ መፍላቱ ይቆማል። ካቢኔት የሚባለው ቀላሉ ዓይነት ከ8 እስከ 9 በመቶ አልኮል ብቻ ይዞ፣ ጥቂት ጣፋጭነትና ጠንካራ ኮምጣጣነት ጎን ለጎን ይዞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጣፋጩ ብቻውን ቢሆን ያሰለቻል፤ ኮምጣጣው ብቻውን ቢሆን ጥርስ ያጠርሳል። ሁለቱ ሲተካከሉ ወይን ጠጁ ለአሥርታት ሳይሞት ይቀመጣል። ይህን ሚዛን በፋብሪካ መሥራት የተሞከረ ነገር ነው፤ ያልበሰለ ወይን አፍልቶ በኋላ ያልፈላ ጣፋጭ ጭማቂ መቀላቀል ይቻላል። ጣፋጭ ይሆናል። መዓዛው ግን ከመጀመሪያው ፍሬው ውስጥ ስላልገባ ከየትም አይመጣም።

ማቆየት ጫፍ ሲደርስ ትሮክንቤረንአውስሌዘ የሚባለው ይመጣል፤ ትርጉሙ ከደረቁ ፍሬዎች የተለቀመ ማለት ነው። በጭጋጋማ ማለዳና በፀሐያማ ከሰዓት ቦትሪቲስ የሚባል ሻጋታ የፍሬውን ልጣጭ ይወጋዋል፤ ውሃው ይተናል፤ ፍሬው ተጨማዶ ዘቢብ ይሆናል። የኦርቶዶክስ አንባቢ ለቅዳሴ ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅበትን ሥርዓት ስለሚያውቅ፣ በደረቀ ፍሬ ውስጥ ምን ያህል ጣፋጭ ታምቆ እንደሚቀመጥ ማስረዳት አያስፈልገውም። ልዩነቱ የዛሩ ዘቢብ ገና ከግንዱ ላይ እያለ መድረቁ ነው። ለቃሚው ዘለላውን እንዳለ አይቆርጥም። ከአንድ ዘለላ ላይ በሻጋታው በደንብ የደረቁትን አንድ በአንድ በጣቱ እየነጠለ በትንሽ ዕቃ ይሰበስባል፤ እርጥቡን ለሌላ ባልዲ፣ የተበላሸውን ለመሬት ይተወዋል። የአንድ ለቃሚ የሙሉ ቀን ድካም አንድ ጠርሙስ ላይሞላ ይችላል። የቤተሰቡ የ2003 ምርት የሆነው ይህ ወይን ጠጅ በ2015 በትሪየር ጨረታ ላይ ቀረጥና ኮሚሽን ሳይጨመር አንዱ ጠርሙስ 12,000 ዩሮ ተሸጧል።

ይህን ዋጋ ያነሣሁት ለማስደነቅ ብዬ አይደለም፤ የሚመጣውን ተቃውሞ ስለማውቀው ነው። አንድ ሰው ለአንድ ጠርሙስ ይህን ያህል ከከፈለ፣ ማቆየት ጀግንነት መሆኑ ቀርቶ ንግድ ብቻ አይደለምን? አዎ፣ ንግድ ነው፤ ንግድ መሆኑም ክርክሬን ያጠናክረዋል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ በየዓመቱ አይገኝም፤ ሲገኝም ጥቂት ነው፤ ይዞታውን በየዓመቱ የሚያኖሩት ካቢኔትና ዘግይቶ የሚለቀመው ሽፔትሌዘ ናቸው። ማንም የሒሳብ ባለሙያ በየሦስት ወሩ ሪፖርት የሚጠይቀውን ድርጅት ፍሬህን እስከ ኅዳር አቆየው ብሎ አይመክረውም። ኪሳራው የዘንድሮ ነው፤ ጥቅሙ ግን የስም ነው፤ ስም ደግሞ የሚከፍለው በልጅ ዘመን ነው። በዚያው ተዳፋት ላይ ባለው የቤተሰቡ ድርሻ ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ በሌላ ሥር ላይ ያልተቀጠሉ የወይን ግንዶች አሉ። የአውሮፓን ወይን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጠፋው ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ በሺፈር ድንጋይ ውስጥ እንደ ልቡ ስለማይንቀሳቀስ ተርፈዋል። ያረጀ ግንድ ፍሬው ጥቂት ነው። ነቅሎ ወጣት መትከል ምርቱን ያበዛዋል፤ አሮጌው ሳይነቀል የተተወው የሚያፈራውን ጥራት የሚያውቅ ስላለ ነው።

ሌሎች የሄዱበት መንገድ ምን እንደሚመስል ታሪኩ በግልጽ ተጽፏል። በ1882 ሄርማን ሙለር የተባለ ተመራማሪ (ከላይ ካሉት ሙለሮች ጋር ዝምድና የለውም) ቀድሞ የሚበስልና ብዙ የሚያፈራ ዝርያ አዳቀለ፤ ሙለር ቱርጋው ይባላል። መጠበቅ ስለማያስፈልገው በ1970ዎቹ በጀርመን ከሁሉ በላይ የተተከለው እርሱ ሆነ። ሕጉም ያንኑ መንገድ ተከተለ። የ1971 የጀርመን የወይን ሕግ የሰፋፊ አካባቢዎች ወይን ጠጅ በአንድ የቦታ ስም እንዲሸጥ ፈቀደ፤ መላው የዛር አካባቢም «ቪልቲንገር ሻርትስበርግ» የሚል ስም ተሰጠው። ሻርትስበርግና ሻርትስሆፍበርግ፤ በመካከል አንዲት ትንሽ ቃል ብቻ ናት የጎደለችው። ገዢው ከሜዳ የተለቀመውን የብዙኃን ምርት የተዳፋቱ መስሎት ሲገዛ ኖረ። ይህ በሸማች ላይ የተሠራ በደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉ ለጥበቃው የሚገባውን ስም ወስዶ ለማይጠብቀው ሰጥቷልና። በ1985 ደግሞ በኦስትሪያ አንዳንድ አምራቾችና ነጋዴዎች ዘግይቶ የተለቀመ ወፍራም ወይን ጠጅ እንዲመስልላቸው ዳይኢትሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል ጨምረው ተገኙ፤ የአገሪቱ የወይን ንግድ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ሐሰተኞቹ ሊያስመስሉት የፈለጉት ጥበቃውን መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ቤተሰብ ካልሆነ ጥሩ ነጭ ወይን ጠጅ አይሠራም ማለት በማስረጃ ይፈርሳል። በሰሜን ጣሊያን፣ ጀርመንኛ በሚነገርበት በአልቶ አዲጄ አውራጃ፣ በ1893 የተመሠረተ የተርላን ኅብረት ሥራ አለ። 140 ያህል አባላቱ በጠቅላላ 190 ሄክታር ገደማ እያለሙ ፍሬያቸውን ለጋራ መጭመቂያ ያስረክባሉ። ይህ ማኅበር ከነጭ ወይን ጠጁ አንዳንዱን አሥርና ሃያ ዓመት አስቀምጦ እስኪያወጣ ድረስ ይታገሣል፤ በምድር ቤቱም ከመሥራቾቹ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀሙ ከ20,000 የሚበልጡ አሮጌ ጠርሙሶች አሉት። የወይን ጠጁን ጥራት የሚክድ አላየሁም። በዚህ ተቃውሞ እረታለሁ፤ የምረታውም በደስታ ነው፤ ምክንያቱም ክርክሬ ስለ ደም ሳይሆን ስለ ጥበቃ ነበር። የአባላቱ ድርሻ በአማካይ ከ2 ሄክታር በታች ነው፤ ቁልቁለቱን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ማኅበሩም በኪሎ ብዛት ብቻ ሳይሆን በጥራት ይከፍላቸዋል። መቆየት የሚያስከትለውን ጉዳት ለብዙ ትንንሽ ቤቶች አካፍለው ይሸከሙታል። በሌላ በኩል፣ ስንት የቤተሰብ ይዞታ አለ በመስከረም ለቅሞ፣ ምርቱን አብዝቶ፣ የአያቱን ፎቶግራፍ ጠርሙሱ ላይ ለጥፎ የሚሸጥ! የአያት ፎቶግራፍ ፍሬ አያበስልም።

ቤተሰብ ራሱ ጥበቃን ሊያፈርስም ይችላል፤ ይህንን የኛ አገር ሰው ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ርስት ለልጆች ሁሉ እኩል ሲከፋፈል በየትውልዱ ማሳው እየጠበበ እንደሚሄድ እናውቃለን። ናፖሊዮን ለራይን ግራ ዳርቻ የተወው የውርስ ሕግም ይህንኑ አደረገ። በፈረንሳይ ቡርጎኝ ሞንራሼ የተባለው ዝነኛ የነጭ ወይን ማሳ በጠቅላላ 8 ሄክታር ሲሆን ደርዘን ተኩል ያህል ባለቤቶች ተካፍለውታል። ሻርትስሆፍበርግም ከአንድ በላይ ባለቤቶች አሉት። ማሳው ከጠበበ፣ ልጆቹም ከተማ ገብተው ሥራ ካገኙ፣ ማን ነው 1,000 ሰዓት ቁልቁለት ላይ የሚቆመው? የሞዜል የወይን እርሻ በ1990 አካባቢ ከ12,000 ሄክታር ይበልጥ ነበር፤ ዛሬ ከ9,000 በታች ወርዷል። ከተተዉት ብዙዎቹ ገደላገደሎቹ ናቸው፤ እሾህና ቁጥቋጦ ወርሷቸዋል። የሚጠብቅ ሰው ሲጠፋ ተዳፋቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ድንጋዩን ደግፎ የያዘው ካብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይናዳል።

አየሩ ስለሞቀ ከእንግዲህ መጠበቅ አያስፈልግም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ዛር ድሮ በአሥር ዓመት ውስጥ ፍሬው በደንብ የሚበስልለት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር፤ አሁን በየዓመቱ ለማለት ይቻላል ይበስላል። ግን ሙቀቱ ውሳኔውን አከበደው እንጂ አላቀለለውም። ስኳሩ ቶሎ ሲሞላ ኮምጣጣነቱ እንዳያልቅ ቀኑን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ማሳ መቅደም አለበት፣ አንዳንዱ መቆየት፤ ይህን የሚያውቀው በየማለዳው በረድፎቹ መካከል እየተመላለሰ ፍሬውን የሚቀምስ ሰው ነው። አይስቫይን የሚባለው የበረዶ ወይን ጠጅ ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲደርስ በሌሊት ይለቀማል። በ2019 መኸር ፍሬያቸውን ለዚህ ያስቀሩ ገበሬዎች እስከ ክረምቱ መጨረሻ ጠበቁ፤ በጀርመን 13 የወይን ክልሎች በአንዱም የሚፈለገው ብርድ ሳይመጣ ቀረ። የዚያን ዓመት የጀርመን አይስቫይን የለም። ፍሬው ግንዱ ላይ ቀረ፤ ኪሳራውንም ያቆዩት ቤቶች ከፈሉ።

ጀርመን የምትኖር፣ ወይም ከዚያ የመጣ ጠርሙስ እጅህ የገባ አንባቢ፣ በትልቁ የተጻፈውን ስም ትተህ በትንሹ የተጻፈውን ፈልግ። «ጉትስአብፉሉንግ» የሚል ካገኘህ ፍሬውን ያበቀለው፣ ወይን ጠጁን የሠራውና ጠርሙሱን የሞላው አንድ ይዞታ ነው ማለት ነው። «ኤርትሶይገርአብፉሉንግ» የሚል ከሆነ አምራቹ ኅብረት ሥራም ሊሆን ይችላል፤ አትጣለው፣ ስሙን አጣራ። «አብፉለር» ብቻ ካለ ግን ጠርሙሱን የሞላው ድርጅት ፍሬውን ያበቀለው ላይሆን ይችላል። ሪዝሊንግ ከሆነና አልኮሉ 8 በመቶ አካባቢ ከሆነ ጣፋጭነት ይኖረዋል። ከማቀዝቀዣ አውጥተህ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቀውና ቅመሰው፤ እጅግ ሲቀዘቅዝ መዓዛው አይወጣም።